ዘጠና ሳንቲሜትር

የነገረኝ አናጢው ነው፤ ያውም እየሳቀ። ጠዋት የወንድሜ ቤት በር ላይ ተገናኝተን የጌም ማሽኑን ሳጥን እሱ ከላይ እኔ ከታች ሆነን ደረጃውን ስንወጣ፣ ትንፋሽ ሊሰበስብ አሳረፈውና "ዘጠና ይሁን፣ ከዘጠና እንዳያልፍ እያሉ ነፍሴን ያወጡት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለ። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። "ልኩን የወሰድነው ከሽማግሌው አልጋ ላይ ነዋ! ቁም ሳጥኑና ግድግዳው መሃል አልጋው የገባባት ቦታ አለች አይደል፣ ማሽኑ የሚቆመው እዚያ ነው። ሜትሩን በዚያኛው ጫፍ የያዘችልኝ እመቤቲቱ ራሷ ናት። ሽማግሌው ተኝቶ ስለነበር እንዳንቀሰቅሰው ብለን በደረቱ ላይ ዘረጋነው። አንዴ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየን፤ ልብስ ሰፊ መስዬው ይሆናል።" በራሱ ቀልድ ከልቡ ሳቀ። እኔን የሚያውቀኝ ማሽኑን እንድገጥም እንደተቀጠርኩ ቴክኒሻን ብቻ ነው። ሽማግሌው አባቴ መሆኑን አልነገርኩትም። "በል አንሳ፣ እጄ ዛለ" ብቻ አልኩት።

ሥራውን ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። ወንድሜ ሃምሳ ዓመት ሞላው። ሌላው ሰው በሃምሳ ዓመቱ ስለ ጨጓራው ማሰብ ይጀምራል፤ እሱን ጌም ቤት አማረው። በልጅነቱ የነበሩትን ዓይነት፣ ቆመው የሚጫወቱበት፣ ሰው የሚያክል ማሽን ቤቱ ውስጥ ካልኖረኝ አለ። ሳጥኑ የአናጢው ነው፣ ስክሪኑ ከሱቅ ተገዛ፣ የእጅ መጫወቻው ፓነል ግን የእኔ ሥራ ሆነ። ዕድሜዬን ቴሌቪዥንና ሪሞት ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሥራ መጥቶልኝ ስለማያውቅ እንቅልፍ እስኪያሳጣኝ ነው የተጠበብኩበት። ወንድሜ ሁሉንም ዓይነት ጨዋታ እፈልጋለሁ ስላለ፣ ፓነሉን አንድ ወጥ ከማድረግ ይልቅ የሚቀያየር አደረግኩት። ከስክሪኑ ሥር ጎን ለጎን ሁለት ክፍት ቦታ አለ፤ እያንዳንዱ አርባ ሦስት ሳንቲሜትር። ፓነሎቹ እንደ መሳቢያ እየተንሸራተቱ ይገባሉ፣ ከሥር ሁለት መቀርቀሪያ ይይዛቸዋል፣ ከኋላ አንድ ወፍራም ሶኬት ይሰካል፣ በቃ። አንዱን አውጥቶ ሌላውን ለመክተት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጆይስቲክ የሚሉት ዘንግና ስድስት ቁልፍ ያለው አለ፣ በመዳፍ የሚንከባለል ኳስ ያለው አለ፣ መሪ ያለው አለ። ለሁለት ሰው ሰማንያ ሳንቲሜትር ይበቃል፣ ሳጥኑ ለምን ዘጠና ሆነ ብዬ ወንድሜን ስጠይቀው "ቦታው ዘጠና ነው" ብሎኝ ነበር። እኔ ሳሎኑን መስሎኝ ዝም አልኩ።

አራተኛውን ፓነል ማንም አላዘዘኝም። እሱ የአባባ ነው። አባባ ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ሠርቷል፤ የሽቦ ክፍል ውስጥ፣ በሺህ የሚቆጠር ቀጭን ሽቦ በሰም በተቀባ ክር እየጠፈረ። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መጣና ቀኝ ጎኑን ከነእጁ ከነእግሩ ይዞበት ሄደ፤ ከንግግሩም የተረፉለት ጥቂት ቃላት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ቤት ነው የሚኖረው። እሁድ እሁድ ባልና ሚስቱ ሲወጡ እኔ ከእሱ ጋር እውላለሁ። አንድ እሁድ ግራ እጁን ወረቀት ላይ አስዘርግቼ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩ። አራት ጣት፣ አራት ቁልፍ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ተኩስ። መዳፉ የሚያርፍበት ላይ ስፖንጅ ለጠፍኩ። ሽቦውን የጠፈረው ራሱ ነው፤ በአንድ እጁ እየያዘ፣ በጥርሱ እየጎተተ፣ እንደ ድሮው በየሁለት ጣቱ አንድ ቋጠሮ እያደረገ። የእኔን ሥራ ደግሞ አያምንም። የበየድኩትን እያንዳንዱን ሽቦ ጎተት አድርጎ ይፈትንና "ደህና" ይላል። ካልወደደው ምንም አይልም፣ ዝም ብሎ ያየኛል፤ እኔም አፍርሼ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ። ሶኬቱን ብቻ አራት ጊዜ አስፈትቶኛል። ሲያልቅ ከአንዲት ትንሽ ስክሪን ጋር አገናኝቼ፣ አልጋው ላይ ሆነን ሁለት አውሮፕላኖች የሚታኮሱበትን የድሮ ጨዋታ ተጫወትን። ቀድሞ አስር ጊዜ የመታ ያሸንፋል። በመጀመሪያው እሁድ ቀጠቀጥኩት፣ በሦስተኛው ቀጠቀጠኝ፣ ከዚያ ወዲያ አሸንፌው አላውቅም። ማሽኑ ሳሎን ሲቆም አባባ ከክፍሉ ወጥቶ ከሰው ጋር ይጫወታል ብዬ ነበር የማስበው። እኔ ጅሏ።

ኮሪደሩ ላይ አልጋው ተፈታቶ ግድግዳ ተደግፏል። ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። አባባ አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ተላጭቷል፣ ካፖርቱን ለብሶ እስከ አንገቱ ቆልፏል፣ እግሩ ሥር ሻንጣ አለ። ሲያየኝ የሚሠራለት የፊቱ ግማሽ በራ። "ትንሿ" አለ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ እሱ ዘንድ ግን ትንሿ ነኝ። "መጣሽ።" መጣሁ አልኩት። ከጎኑ በጋዜጣ የጠቀለለውን ሸበጡን አነሳና ወደ መሣሪያ ቦርሳዬ ጠቁሞ "ያዢ" አለኝ። ሻንጣው ሞልቶበት ነው። ተቀብዬ ከፒንሳውና ከካቻቢቴው ጋር ከተትኩት። ነገሩ አልገባኝም ብል ውሸት ነው። ገብቶኝ ነበር፤ ግን እንዳልገባው ሰው መሆኑ ለጊዜው ቀለለኝ።

የወንድሜ ሚስት ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ወንድሜ ያደርቃል። ከሰዓት በኋላ ለልደቱ አለቃውና የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይመጣሉ። ገብቼ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

"አባባ የት ነው የሚሄደው?"

ተያዩ። "አንቺ ጋ ነዋ" አለ ወንድሜ። "ማታ ስትሄጂ በመኪና አደርሳችኋለሁ።"

"ማን ጠየቀኝ?"

"ልነግርሽ ነበር። ሥራውን ትጨርስ ብዬ ነው።" ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው። "ለእሱ ይምጣልኝ ያልሽው አንቺ ነሽ ብዬዋለሁ። ናፍቀሃታል፣ ብቻዋን መኖር ሰልችቷታል አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ? አባረርንህ ልበለው? በደስታ እንቅልፍ አልወሰደውም እኮ። ካልላጫችሁኝ ብሎ አስቸገረን።"

አራተኛ ፎቅ ነው ያለሁት፣ ሊፍት የለውም አልኩት። የሚሸከሙት ሁለት ሰዎች እቀጥራለሁ አለ። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ ለስድስት ቤት አንድ። ፖፖ አለው አለች ሚስቱ፣ ፊቷን ሳታዞር። ክፍሌ አንድ ናት፣ ግማሿን የሥራ ጠረጴዛው ይዞታል፣ ቀኑን ሙሉ የብየዳ ጭስ ነው። ምክንያቶቼ ሁሉ እውነት ነበሩ፤ ስደረድራቸው ግን ለራሴም አስጠሉኝ። ከሁሉም በታች ያለችውን፣ ያልተናገርኳትን አውቃታለሁ፤ ማታ ማታ በሬን ዘግቼ ማንንም ሳላይ ሬዲዮኔን የምከፍትባትን ሰዓት ለማንም መስጠት አልፈልግም ነበር። የወንድሜ ሚስት ቧንቧውን ዘጋችና ዞረች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "ሦስት ዓመት አንሶላ ያጠብኩት እኔ ነኝ" አለች። "ያልወለደኝን ሰው ገላ ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንቺ እሁድ እሁድ መጥተሽ ሽቦ ታስነክሺዋለሽ፣ ጥሩዋ ልጅ አንቺ ነሽ። ሳምንቱን ሙሉ በሩን እያየ የሚጠብቀው አንቺን ነው።" ወንድሜ ብርጭቆውን ከሌሎቹ ጋር ደረደረና "ካልፈለግሽ ውጪና ንገሪው" አለኝ። "አልወስድህም በይው፣ አልከለክልሽም። ያቺን ዕቃ ቤት አጽድተን ታጣፊ አልጋ እንዘረጋለታለን። መስኮት ባይኖራትም ሰው አይሞትባትም።"

ወጣሁ። ልነግረው ነው የወጣሁት፣ እውነቴን ነው። ወንበሩ ፊት ቁጢጥ አልኩና እጁን ያዝኩት። እሱ ቀደመኝ። "እሁድ" አለ።

"ዛሬ ሐሙስ ነው አባባ።"

ራሱን ነቀነቀ። አፉን አጣምሞ ቃሉን ሲፈልግ፣ ሲያጣው፣ እንደገና ሲፈልግ ቆየ። በመጨረሻ አገኘው። "ሁልጊዜ" አለ። "ሁልጊዜ እሁድ።" ከዚያ እጄን ጨበጥ አደረገኝ፤ ያ ግራ እጁ አሁንም ብርቱ ነው። ማሽኑን ልግጠም ብዬው ተነሳሁ።

ሥራ ደስ የሚለው ሰው ሲሸሸግበት ዝም ማለቱ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ቀና አላልኩም። እንግዶቹ እንዲያዩት ለጊዜው ሳሎን ቆሞ፣ ከበዓሉ በኋላ ወደ አባባ ክፍል ይገፋል ተባለ። አናጢው የኮምፐርሳቶውን ጠርዝ ሞርዶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ፣ ለአባባም "ደህና ይዋሉ አባቴ" ብሎ ሄደ። እኔ ስክሪኑን አሰርኩ፣ ሽቦውን ዘረጋሁ፣ ፓነሎቹን አንድ በአንድ እያስገባሁ ሞከርኩ። መሪውንና ኳሱን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። በቀኝ በኩል ጆይስቲኩን፣ በግራ በኩል ደግሞ ማንም ያላዘዘውን የአባባን ፓነል ገጠምኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ያን ሁሉ ቋጠሮ አንድ ሰው እንኳ ሳያየው ቢቀር አንጀቴ አልቻለም መሰለኝ።

እንግዶቹ አስር ሰዓት ላይ መጡ፤ ስምንት ሰው ይሆናሉ። የወንድሜ አለቃ ወፈር ያለች፣ ሰው ሲስቅ የማትስቅ ሴትዮ ናት፤ ሌሎቹ ከመሳቃቸው በፊት እሷን ያያሉ። ወንድሜ ሁለት ብርጭቆ እንደጠጣ የጌም ቤት ታሪኩን አመጣ። አስራ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ የሰፈሩን ከፍተኛ ነጥብ ሊሰብር ትንሽ ሲቀረው አባባ ድንገት ገብቶ በጆሮው አንጠልጥሎ በጓደኞቹ ሁሉ ፊት አወጣው። "ያለሁበትን እንዴት እንዳወቀ እስከ ዛሬ ይገርመኛል" አለ፤ ሲናገር ጆሮውን ይነካል። የነገርኩበት እኔ ነበርኩ። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ይዞኝ ስላልሄደ ተናድጄ ነው። እንደ ሌሎቹ ሳቅኩ። ሴትዮዋ ግን ማሽኑን ስትመረምር ቆይታ "ይሄ በስተግራ ያለው ለምን እንዲህ ሆነ?" አለች። በአንድ እጅ ለሚጫወት ሰው ነው አልኳት። ሰዉ ሁሉ በተከፈተው በር ወደ ኮሪደሩ አየ። አባባ ከነካፖርቱ ተቀምጧል።

"አባባ!" አለ ወንድሜ። "ና እስቲ!" ሄዶ ከነወንበሩ እየጎተተ አመጣውና፣ ቁልፎቹ ጋ እንዲደርስ ሁለት የሶፋ ትራስ ከሥሩ ደርቦ ማሽኑ ፊት አስቀመጠው። ከዚያ ብርጭቆውን አነሳ። "እንግዲህ ስሙ! አባቴ ዛሬ ክፍሉን ለማሽኑ ለቆ ልጁ ቤት ሊገባ ነው። አሁን ከእኔ ጋር ይጫወታል። ካሸነፈኝ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አይልም፤ ክፍሉ የሱ፣ ማሽኑ እዚሁ ሳሎን ይቆማል። ካሸነፍኩት ግን ቻው ቻው!" ሳቁ። ሚስቱ ብቻ አልሳቀችም። ሴትዮዋ "ምስክር ነኝ" አለች፤ ይህን ስትል ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም።

እጄን አጣጥፌ ከኋላ ቆምኩ። አሸንፍ አባባ እላለሁ በሆዴ። የሚያየኝ ሰው ለአባቷ ተጨነቀች ይላል። እኔ የምጸልየው ለአራተኛ ፎቅ ደረጃዬ፣ ለሬዲዮኔ፣ ለተዘጋ በሬ ነው። ካሸነፈ እኔም አልወሰድኩት፣ እሱም ዕቃ ቤት አልገባ፤ አልወስድህም የሚለውን ቃል ከአፌ ሳላወጣ እሁድ ተመልሼ እመጣለሁ። አባባ እጁን ስፖንጁ ላይ አሳረፈ፣ አራቱ ጣቶቹ ቦታቸውን አገኙ። ጨዋታው ሲጀመር ወንድሜ ገና ለሰው እያወራ ሁለቴ ተመታ። ማውራቱን አቆመ። የአባባ አውሮፕላን ከሥር ይመጣል፣ ከጎን ይመጣል፣ ተኩሶ ይጠፋል። አምስት ለሁለት፣ ሰባት ለሦስት። እንግዶቹ መጮህ ጀመሩ። ዘጠኝ ለአራት ሲሆን ትንፋሼ ተመለሰ። አንድ ብቻ ቀርቶታል።

አባባ እዚያ ላይ ውጤቱን አየ። ቀና ብሎ እኔን ፈለገኝ፣ አገኘኝ። ከዚያ እጁን ከፓነሉ ላይ አነሳና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። አውሮፕላኑ መሃል ሰማይ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ወንድሜ ስድስት ጊዜ መታው፤ ስድስቱንም እየጮኸ። ሰዉ ሽማግሌው ደከመው ብሎ አዘነ። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ በዚያ በሚሠራው የፊቱ ግማሽ እንደ ልጅ ፈገግ አለ።

"እንሂድ፣ ትንሿ" አለኝ።

"ቆዩ!" አልኩ። ድምፄ እኔንም አስደነገጠኝ። "አይቆጠርም! ሶኬቱ ለቆ ነው። የእኔ ጥፋት ነው፣ አላጠበቅኩትም።" ተንበርክኬ ከማሽኑ ኋላ ገባሁ። ሶኬቱ ተሰክቶ ጥርቅም ብሏል። በሁለት እጄ ይዤ በኃይል ነቀልኩትና ወጣሁ። "ይኸው" ብዬ ለሰዉ ሁሉ አሳየሁ።

አባባ ሶኬቱን አየው። አራት ጊዜ ያስፈታኝን፣ የመጨረሻ ቋጠሮውን በጥርሱ ያጠበቀውን ሶኬት። ከዚያ እኔን አየኝ። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የወረደው። አባቴ ያጣው ቃል ነው እንጂ አእምሮውን አይደለም። ሴትዮዋ ወደ እሱ ጎንበስ ብላ "እውነት ነው አባቴ? ለቆብዎት ነው?" አለችው። ለመናገር ሲታገል የአንገቱ ሥር ተገተረ።

"አዎ" አለ። "ለቋል።"

እንደገና ሰካሁት። ወንድሜ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የምሩን ሊጫወት ተዘጋጀ። አልጠቀመውም። አባባ አስር ለሁለት አሸነፈው፤ ያውም ፈጥኖ፣ ጨርሶ ሊገላገለው እንደሚፈልግ ሥራ። አንዴም ወደ እኔ አልዞረም። ሰዉ አጨበጨበ፣ አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ወንድሜ "ቀልድ እኮ ነው ያወራነው" ማለት ጀምሮ የአለቃውን ፊት ሲያይ "ማለቴ፣ ቃል ቃል ነው!" አለና ለራሱ ቀዳ።

እንግዶቹ ሳይሄዱ አልጋውን እኔው ገጠምኩት። ብሎኖቹ ስምንት ናቸው። ቁም ሳጥኑና ግድግዳው መሃል ሲገባ ልክክ አለ። የወንድሜ ሚስት የታጠበ አንሶላ አምጥታ አነጠፈች፤ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ አየችኝና ሄደች። ሁሉን የተረዳችው እሷ ናት መሰለኝ። አባባን ደግፌ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት፣ የካፖርቱን ቁልፎች ከአንገቱ ጀምሬ ፈታሁለት፤ አላገዘኝም፣ አልከለከለኝምም። መሣሪያዬን ስሰበስብ ጋዜጣው እጄ ላይ መጣ። ሸበጡን አውጥቼ እግሩ ሥር አኖርኩለት። ግራውን ራሱ አገባ። ቀኙን እኔ አንስቼ ነው ያስገባሁለት፤ ያ እግር እንዴት እንደሚከብድ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። "እሁድ እመጣለሁ" አልኩት። ግራ እጁን ሰደደና የአልጋውን እግር፣ አሁን ያሰርኩትን፣ እንደ ሽቦዎቹ ጎተት አድርጎ ፈተነው። ደህና አላለም። ዝም ብሎ አየኝ።

ካቻቢቴውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።